ኮራሉ ቆሞ ነው የተቀበረው ወይስ ተገልብጦ?

[ደቻቱ፣ ማለዳ። ካሜራው አሸዋውን ተጠግቶ ይሄዳል።]

ድሬዳዋ ነን፣ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ። ውሃ የለም፤ አሸዋና ድንጋይ ብቻ። ይህን ነጣ ያለ ድንጋይ ከደቡብ ተራሮች ያወረደው ጎርፍ ነው። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ያወጣል። የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲሚንቶ የሚሠራበት ያው ድንጋይ።

በጁራሲክ ዘመን፣ ማለትም ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ፣ ባህር በኦጋዴን በኩል እየገፋ መጥቶ ይህን አገር ሸፍኖት ነበር። ሙቅ፣ ጥልቀቱም ብዙ ያልሆነ ባህር። ዛሬ ድሬ ከባህር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች።

ታዲያ የኖራ ድንጋይ ሁሉ እንስሳት የገነቡት ሪፍ አይደለም። አብዛኛው የባህር ወለል ጭቃ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ሞገድ እያንከባለለ ያድበለበላቸው፣ ጤፍ የሚያካክሉ የኖራ እንክብሎች ናቸው። ሪፍ የምንለው ኮራልና ስፖንጅ የሚባሉ፣ ባህር ወለል ላይ ተተክለው የሚኖሩ እንስሳት አንዱ በሌላው ላይ እያደጉ የገነቡትን ነው።

[ድንጋዩ በቅርብ። የኮራሉ ቅርጽ ይታያል።]

ሰው ቅሪተ አካል ሲያገኝ «ይሄ ምንድነው?» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ሌላ ነገር እንዲጠየቅ እፈልጋለሁ፦ እንደቆመ ነው የተቀበረው ወይስ ሞገድ ገልብጦት?

ድንጋዩ ከተራራው ተንከባሎ መጥቷል። ላዩ የቱ ነበር? እዚች ጋ ተመልከቱ። ትንሽ ዛጎል አለች። ግማሿን ጭቃ ሞልቶታል፤ ባዶ የቀረው ግማሽ በኋላ ነጭ ክሪስታል ሆኗል። ጭቃ ታች ነው የሚረጋው። መለያ መስመሩ ያኔ አግድም ነበር ማለት ነው። ግንበኛ የሚይዘው ውሃ ልክ በሉት! እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

አሁን ጭቃው ወደ ታች እንዲሆን ድንጋዩን እናዙረው። ኮራል ከጠባብ ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ እየሰፋ ያድጋል። የዚህኛው ሥር ግን ወደ ሰማይ ነው። ተገልብጧል።

[ቀዳዳዎቹ ላይ ቀረብ።]

ሥሩ ላይ ደግሞ ክብ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ድንጋይ እየበሱ የሚኖሩ ዛጎሎች ሥራ ነው፤ ዛሬም በሪፎች ላይ ይኖራሉ። ሥሩ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ሳለ ሊደርሱበት አይችሉም ነበር። ስለዚህ ማዕበሉ ኮራሉን ከገለበጠው በኋላ ጭቃ ወዲያው አልዋጠውም። ሌሎች ገብተው ቤት እስኪሠሩበት ድረስ እዚያው ወለሉ ላይ ተጋድሞ ቆይቷል።