እጣቢ አይደር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በጓሮ አትክልት ሰዓታችን ከባሕር ዳርና ከዙሪያዋ ለተደወሉ ጥያቄዎች የአትክልት ባለሙያዋ የሰጡት መልስ ነው።

ልብስ ያጠብኩበትን ውሃ ማንጎ ሥር ባፈስ ይጎዳዋል? (ከሽምብጥ)

አይጎዳውም። ግንዱ ላይ ግን አያፍስሱት። የቅርንጫፎቹ ጫፍ ከሚያርፍበት በታች ዙሪያውን ቦይ ይቆፍሩና ወደዚያ ይልቀቁት። በረኪና የገባበት ውሃ ግን ወደ ዛፍ አይሂድ። የዛሬ እጣቢ ዛሬውኑ ይለቅ፤ አይደር።

የሳህን እጣቢስ?

ፍርፋሪውን አጥልለው ለሙዝ ይስጡት። ቅባት የበዛበትን ይተዉት፤ አፈሩን ይደፍናል፣ አይጥም ይጠራል።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የገላና የልብስ እጣቢ በበርሜል አጠራቅሜ ሰላጣና ቆስጣ አጠጣለሁ። በጣም ያምራል። ችግር አለው? (ከዘንዘልማ)

እህቴ፣ ውሃ ለመቆጠብ ማሰብዎ ደስ ይለኛል። ይህን ግን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ቅጠሉ ማማሩ ስለ ንጽሕናው ምንም አይነግረንም። የሕፃን ጨርቅና የውስጥ ልብስ የታጠበበት ውሃ ውስጥ ዓይነ ምድር አለ። የገላ ውሃም ከዚህ አያመልጥም። ሲጠራቀም ጀርሙ ይራባል፤ አንድ ቀን ካለፈው መሽተት ይጀምራል። ክዳን ከሌለው ደግሞ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ክፍት በርሜል በራሱ አደጋ ነው፤ ልጅ ይሰምጥበታል።

ሰላጣ መሬት ተጠግቶ ይበቅላል፣ ጥሬውን ይበላል። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። «ሎሚ እጨምቅበታለሁ»፣ «በኮምጣጤ አጥበዋለሁ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሎሚም ኮምጣጤም የወስፋትን እንቁላል አይገድሉም። አሜባ፣ ጃርዲያና ታይፎይድም በዚሁ መንገድ ይመጣሉ፤ ከሁሉ በፊት የሚታመሙት ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ጥሬ ለሚበላ ሁሉ፣ ለሰላጣ፣ ለካሮት፣ ለቲማቲም፣ ለቃሪያ፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ። እጣቢው ለሙዝ፣ ለማንጎ፣ ለዘይቱን፣ ለጌሾ ይሁን፤ እነሱንም ቢሆን አፈሩን እንጂ ቅጠሉን አያርጥቡ። አሁን ያለዎትን ሰላጣ ነቅለው ይጣሉት። ቆስጣውን በደንብ ካበሰሉት ይበላል፤ ሲከትፉት የነካውን እጅና ቢላዋ ግን በሳሙና ይጠቡ። ልጆችዎ ሆዳቸውን የሚያማቸው ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።

የተክሌ ቅጠል ጫፉ ተቃጠለ፣ አፈሩ ላይም ነጭ ነገር ወጣ።

ጨው ነው። ዱቄት ሳሙና ሶዲየም አለበት፤ እንደኛ ያለ ዋልካ አፈር ደግሞ በሶዲየም ይጠጥራል፣ ውሃም ማስረግ ያቅተዋል። እጣቢውን ለጊዜው ያቁሙና በንጹህ ውሃ ደጋግመው ያጠጡ። ከዚያ በኋላ እያፈራረቁ ይስጡት፤ ኦሞውንም ይቀንሱ።

በክረምትስ?

አያስፈልግም። መሬቱ ጠግቧል፤ የሚያፈሱት ሁሉ በቦይ አድርጎ ጣና ወይም ዓባይ ይገባል። እምቦጭ በእንዲህ ያለ ቆሻሻ ውስጥ ባለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፋፋል፤ ሐይቃችን ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናያለን። ጠጠር የተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ይቆፍሩለት። እዚያም ቢሆን በየቀኑ ይለቀቅ እንጂ አይደር።

ግቢያችን ውስጥ የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ አለ። እጣቢውን አጠገቡ ያለው ፓፓያ ላይ ማፍሰስ እንችላለን? (ከሐይቁ ዳር)

አትችሉም። ሐይቁ ዳር የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው። ምን ያህል መራቅ እንዳለበት በስልክ አልነግራችሁም፤ የአፈሩን ዓይነትና የግቢውን ተዳፋት ማየት ያስፈልጋል። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠርታችሁ አሳዩ፤ የጉድጓዱም ውሃ ይመርመር። እስከዚያው አፍልታችሁ ጠጡ።