ኮማ ትንፋሽ አይለካም

የተከበራችሁ የሥልጠናው ተሳታፊዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ደብዳቤ፣ ሪፖርትና ውል በእንግሊዝኛ መጻፍ የየዕለት ሥራችሁ ነው። ቃላት አያጥሯችሁም፤ ሰዋስውም ተምራችኋል። ዛሬ የምንነጋገረው በቃላቱ መካከል ስለሚገቡት ትንንሽ ምልክቶች ነው፤ ከእነሱም አብዝቶ ስለሚያስቸግረን ስለ ኮማ።

ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት «ኮማ ማለት ትንፋሽ የምትወስዱበት ቦታ ነው» ተብለናል። ይህ ጮክ ብሎ ለሚያነብ ሰው ይጠቅመው ይሆናል፤ ለሚጽፍ ሰው ግን የስህተቱ ሁሉ ምንጭ ነው። ምክንያቱን ከራሳችን ቋንቋ እንነሣ።

በአማርኛ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሡ ራሱ ነው። «ደብዳቤው ደርሶን» ብለን ብናቆም አድማጩ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። «ደርሶናል» ካልን ነገሩ አለቀ። አራት ነጥቡ እንኳ ቢረሳ አንባቢ አይስትም፤ ነጠላ ሰረዝ እንደ ልባችን ብንበትንም ብዙ አይጎዳን። የእንግሊዝኛው ግሥ ይህ ጸጋ የለውም። «ሪሲቭድ» የሚለው ቃል ነገሩ ቢያልቅም ባያልቅም መልኩ ያው ነው። ስለዚህ የመዝጋቱ ሥራ ሙሉ በሙሉ በምልክቱ ላይ ይወድቃል። ኮማ ደግሞ ብቻውን የመዝጋት አቅም የለውም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ቀረብ ብለን እንየው፦ «ዊ ሪሲቭድ ዩር ሌተር, ዊ ዊል ሪፕላይ ኦን መንዴይ.» ለጆሯችን ምንም አይጎድለውም። አሁን ከኮማው በፊት ያለውን ብቻ በእጃችሁ ሸፍናችሁ የኋላውን አንብቡ፤ ባለቤት አለው፣ ግሥ አለው፣ ራሱን ችሏል። የፊተኛውም እንደዚያው። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ኮማ ተሰፍተዋል ማለት ነው። ይህ ስህተት «ኮማ ስፕላይስ» ይባላል።

ማረሚያው ከአንድ በላይ ነው። ኮማውን በፉል ስቶፕ ተክታችሁ ቀጣዩን «ዊ» በትልቁ ፊደል መጀመር ትችላላችሁ። ሁለቱ ሐሳቦች በጣም ከተቀራረቡ ሴሚኮለን፣ ማለትም ከላዩ ነጥብ ያለበት ኮማ፣ ይበቃል። ኮማውን እንዳለ ማቆየት ከፈለጋችሁ ከኋላው «ኤንድ» ወይም «ሶ» ጨምሩ። እኛ አብልጠን የምንመክረው ግን ሌላ ነው፦ በመጀመሪያው ላይ «አዝ» ወይም «ሲንስ» አስገቡ። ያን ጊዜ «ደብዳቤያችሁ ስለደረሰን» እንደማለት ይሆናል፤ የፊተኛው ክፍል ራሱን መቻሉ ይቀርና ኮማው ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል። ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ የሚቀለው ይህ መንገድ ነው፤ በሐሳባችን ውስጥ አስቀድሞ ያለው አገባብ ነውና።

«ሃውኤቨር» የብቻው ወጥመድ አለው። በአማርኛ «ግን» ብለን ስለምንፈታው እንደ «በት» እናስተናግደዋለን። «ዘ ሩም ኢዝ ስሞል, በት ኢት ኢዝ ክሊን» ትክክል ነው። በ«በት» ቦታ «ሃውኤቨር» ከገባ ግን ያው ኮማ ስፕላይስ ሆነ። «በት» አያያዥ ነው፣ ከቦታው አይነቃነቅም። «ሃውኤቨር» ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሊሄድ ይችላል። ቃሉን ወደ መጨረሻ ወስዳችሁ ሞክሩት፤ ከተስማማ ከፊቱ ሴሚኮለን ወይም ፉል ስቶፕ፣ ከኋላው ኮማ ይፈልጋል። «ዜርፎር» እና «ሞርኦቨር» በዚሁ ሕግ ይገዛሉ።

ትንፋሽን መከተል ኮማ የማይገባበት ቦታም ያስገባናል። ባለቤቱ ሲረዝም እናርፋለን፤ ስናርፍ እጃችን ኮማ ይጥላል። «የዕቅድና ክትትል ዳይሬክቶሬት ኃላፊ» የሚያህል ረጅም ባለቤት በእንግሊዝኛ ብትጽፉም፣ በእሱና በግሡ መካከል አንድ ኮማ ብቻውን መቆም የለበትም። ከ«ሴድ ዛት» በኋላ የሚጣለው ኮማም ከዚሁ ልማድ የመጣ ነው፤ አውጡት።

«አንድ ኮማ ብቻውን» ያልነው በምክንያት ነው። ሁለት ሲሆኑ ነገሩ ይለወጣል፤ እንደ ቅንፍ ከፍተው ይዘጋሉ። በመካከላቸው ያለውን ብናወጣው የቀረው ዓረፍተ ነገር ጸንቶ መቆም አለበት። የዚህ ክብደት በካናዳ በሮጀርስ እና በአሊያንት ኩባንያዎች ክርክር ታይቷል። ስለ መስመር ምሰሶዎች የተፈረመው ውላቸው በአማርኛ ሲፈታ እንዲህ ይላል፦ ውሉ ለ5 ዓመት ይጸናል, ከዚያም በኋላ በየ5 ዓመቱ ይቀጥላል, ከተዋዋዮቹ አንዱ በ1 ዓመት የጽሑፍ ማስታወቂያ ካላቋረጠው በስተቀር። ክርክሩ በሁለተኛው ኮማ ላይ ነበር። ኮማው ካለ መካከለኛው ሐረግ ቅንፍ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል፤ የማቋረጥ መብቱም የመጀመሪያዎቹን 5 ዓመታት ጭምር ይነካል። ከሌለ መብቱ የሚሠራው ውሉ ሲታደስ ብቻ ነው። የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ኮማውን ተከትሎ ውሉን ቀድሞ ማቋረጥ ለፈለገው ለአሊያንት ፈረደ። በ2007 ግን የውሉን የፈረንሳይኛ ቅጂ ተመልክቶ ውሳኔውን ለወጠ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ውል የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ሁለቱን ቅጂዎች ስታመሳክሩ ቃላቱን ብቻ አትመልከቱ።

የ«ሁ» ኮማም ከዚሁ ወገን ነው። «ፈተናውን ያለፉ ሠልጣኞች የምስክር ወረቀት ያገኛሉ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ፣ «ሁ ፓስድ» የሚለው ሐረግ በግራና በቀኝ ኮማ ከተደረገለት ሠልጣኞቹ በሙሉ አልፈዋል ማለት ነው። ያለ ኮማ ከሆነ ያለፉት ብቻ ናቸው። አማርኛው ይህን ልዩነት በምልክት ስለማያሳይ ተርጓሚው ራሱ መጠየቅ አለበት፦ ሁሉም ናቸው ወይስ ከፊሎቹ?

ከፊደላት ራስጌ ስለሚሰቀለው ምልክት፣ ስለ አፖስትሮፊ፣ አጠር አድርገን እንናገር። «ኢትስ» ስትጽፉ በቦታው «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» አስገብታችሁ አንብቡ። ከሄደ ምልክቱ ይግባ፣ ካልሄደ ይቅር። በይፋዊ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ቃሉን ሳታሳጥሩ መጻፍ ይሻላል። የባለቤትነቱ አፖስትሮፊ ከ«ኤስ» በፊት ሲሆን «የሠራተኛው መብት»፣ ከ«ኤስ» በኋላ ሲሆን «የሠራተኞቹ መብት» ይሆናል። ድምፁ አንድ ስለሆነ ጆሮ አይለየውም፤ ዓይን ብቻ ነው የሚያየው። ለብዙ ቁጥር አፖስትሮፊ የለም።

ኮለን ከፊቱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። «እነሱም፦» ማለት ስለለመድን ከ«አር» እና ከ«ኢንክሉድ» በኋላ እናስገባዋለን፤ አያስፈልግም። ከማንኛውም ከእነዚህ ምልክቶች በፊት ክፍት ቦታ አይተውም፤ ከኮማ፣ ከሴሚኮለን፣ ከኮለንና ከፉል ስቶፕ በኋላ አንድ ይተዋል።

ጽሑፋችሁን ስታርሙ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትፈልጉ፤ ዓይን ይደክማል። ወረቀት ላይ አትሙና መጀመሪያ ኮማዎቹን ብቻ አክብቡ። በእያንዳንዱ ግራና ቀኝ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አለ ወይ? አያያዥስ አለ ወይ? በሁለተኛው ዙር ጥንዶቹን ፈልጉ፤ የተከፈተው ሁሉ ተዘግቷል? አፖስትሮፊ የመጨረሻው ይሁን።

አሁን ፊታችሁ ያለው ወረቀት ኮማዎቹ በሙሉ የወጡለት የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። እስክሪብቶ አንሡና ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሩ፤ ከንፈራችሁን ሳታንቀሳቅሱ።