ለአንድ አበባ 40 ደቂቃ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ኪሮሼ ብቻ ነን። እየሠራሁ ስለማወራ መሀል ላይ ዝም ካልኩ ቋጠሮ እየቆጠርኩ ነው።

የምሠራው ፖፒ ነው። ቀይ የክር አበባ፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ቁልፍ። እዚህ ሜልቦርን ኖቬምበር 11 ሲደርስ ሰው ደረቱ ላይ ፖፒ ይሰካል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1918 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተኩስ የቆመበት ቀን ነው። ለምን ፖፒ ተመረጠ? ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና መሬቱ ሲገላበጥ ብቅ ይላል። ቤልጂየምና ሰሜን ፈረንሳይ ላይ ያኔ መሬቱን ያረሰው መድፍ ነበር። በመቃብሮቹ መሀል ያ ቀይ አበባ ፈላ።

በዚሁ ከተማ በ2013 ሊን ቤሪና ማርጋሬት ናይት የሚባሉ ሁለት ሴቶች ለአባቶቻቸው መታሰቢያ 120 ያህል የክር ፖፒ ለመትከል ተነሡ። ቀጥለው "ለ2015 አምስት ሺህ እናድርስ" አሉ። ሰው ክሩን ይዞ ወጣላችሁ! ከ250,000 በላይ ሆነ።

እኔን ያስገቡኝ ጎረቤቴ ናቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል። "በስሜ ብቻ ጥሪኝ" ይሉኛል። እንዴት ብዬ? በአፌ ስማቸውን እጠራለሁ፣ በልቤ "እትዬ" እላለሁ። ኪሮሽ አያያዜን ሲያዩ "ማን አስተማረሽ?" አሉኝ። የቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው፣ የሬዲዮው ልብስ ሳይቀር ዳንቴል በሆነበት ቤት ነው ያደግኩት፤ ማን ሊያስተምረኝ!

እሳቸው ናቸው የካንቤራውን የነገሩኝ። በ2018 በጦርነት መታሰቢያው ግቢ 62,000 በእጅ የተሠራ ፖፒ ተተክሎ ነበር። በዚያ ጦርነት ለሞቱት አውስትራሊያውያን፣ ለአንድ ሰው አንድ አበባ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቁጥሩን ስሰማ ምንም አልተሰማኝም። የስልክ ቁጥር ነው የመሰለኝ። ማታ ግን እየሠራሁ ሰዓት ያዝኩ። አንዷ አበባ 40 ደቂቃ ትፈጅብኛለች። ስልኬ ላይ አባዛሁት። እንቅልፍ ሳልተኛ፣ እህል ሳልቀምስ 62,000ውን ብቻዬን ብሠራ አራት ዓመት ከስምንት ወር ይፈጅብኛል።

ጦርነቱ ግን የቆየው አራት ዓመት ከሦስት ወር ነው።

ሰዎቹ ያለቁት እኔ አበባውን ከምጨርሰው ፈጥነው ነው። ኪሮሹን አስቀመጥኩት። ያን ማታ ሁለተኛ አላነሣሁትም።

"ሱቅ የሚሸጠውን ለምን በእጅሽ ትለፊያለሽ?" ይሉኛል ጓደኞቼ። እንዲፈጅብኝ ነዋ! የሚሸጠውን አንድ ከረጢት ሙሉ ብገዛ ኖሮ ያቺን ሒሳብ አልሠራትም ነበር።

ባለፈው እማዬ በቪዲዮ ደውላ አየችው። ለማን እንደሆነ ነገርኳት። "ስንት አደረስሽ?" አለች።

"ሠላሳ አንድ።"

ዝም ብላ ቆየች። አንጀቷ የተላወሰ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ "ያቺ የዳሯ ጠርዟ ልል ነው፤ ፍቺያት" አለችኝ።

እውነቷን ነው። አሁን እጄ ላይ ያለችው እሷ ናት፣ ከመጀመሪያው ጀምሬያታለሁ።