ጨዋ ናት ወይስ ተጨንቃለች?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ቡናዬንም ይዣለሁ። በዚህ ሰዓት ቡና ምን ይሠራል አትበሉኝ።

ዛሬ ስለ ልጅ አስተዳደግ ማውራት ፈልጌ ነው። ልጅ አንድ ጠባይ ሲያሳይ እኛ ጋ መልሱ ቶሎ ይገኛል። ጎበዝ ከሆነ "በአባቱ ወጥቶ ነው"፣ ካስቸገረ ደግሞ "የእናቱ ወገኖች እንዲህ ናቸው" ይባልና ያልቃል። እኔ ግን ተፈጥሮ ነው የምንለው ነገር ብዙው ዙሪያውን ያለው ሰው ሥራ ነው ባይ ነኝ።

እስቲ መሄድን እንውሰድ። መሄድ የጉልበትና የአጥንት ጉዳይ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ልጁ ይቆማል፣ ሌላ ምን አለው? ትሉ ይሆናል። ቻርልስ ሱፐር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ (በፈረንጆቹ) ኬንያ ሄዶ የኪፕሲጊስ ገበሬዎች መንደር ውስጥ ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። እዚያ ያሉት ልጆች ከአሜሪካ ልጆች አንድ ወር ገደማ ቀድመው ይቀመጣሉ፣ ቀድመውም ይሄዳሉ። መዳህ ላይ ግን አይቀድሙም። እናቶቹ መቀመጥን ያለማምዳሉ፤ መሬቱን ትንሽ ጎድጎድ አድርገው፣ ዙሪያውን በብርድ ልብስ ደግፈው ልጁን እዚያ ያስቀምጡታል። መሄድንም እንዲሁ ያለማምዳሉ። መዳህን የሚያለማምድ ግን የለም። የዘር ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁሉም ይቀድሙ ነበር።

እኛስ ብንሆን? ልጁ ገና ጉልበቱ ሳይጠና፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዙሪያውን ከቦት፣ ጎረቤት ሳይቀር "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" እያለ ያጨበጭባል። እሱ ሁለት ሰከንድ ቆሞ በቂጡ ዱብ ይላል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ ያንን ሳቅ ፈልጎ እንደገና ይነሳል። ይሄ ስልጠና ነው እኮ! ስልጠና ብሎ የሚጠራው የለም እንጂ።

ሌላም አለ። እንግዳ ሲመጣ እጅ ማስታጠብ የልጅ ሥራ ነበር አይደል? ፎጣውን ክንድሽ ላይ ጣል ታደርጊያለሽ፣ ከትልቅ ሰው ትጀምሪያለሽ፣ ጎንበስ ትያለሽ፣ ውኃው ሳይበዛ ሳያንስ ታፈሻለሽ፣ ሰውየው እጁን ሲያራግፍ ማንቆርቆሪያውን ቀና ታደርጊያለሽ። ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው አላስታውስም። ታላላቆቼን እያየሁ ነው የለመድኩት። ስሳሳት ደግሞ ከወዲያ በኩል አንድ ዓይን ይመጣል፣ እሱ ይበቃል።

ባርባራ ሮጎፍ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪና አንዲት ባልደረባዋ ያሳተሙት ጥናት ይሄንን ነው የሚያስታውሰኝ። ሁለት ወንድማማቾችን ወይም እህትማማቾችን ያመጣሉ። አንዱ አሻንጉሊት መሥራት ይማራል፣ ሌላው ተራው እስኪደርስ እዚያው ይጠብቃል። ማያ የሚባሉት የጓቴማላ ነባር ሕዝብ ልጆች እየጠበቁ ልብ ብለው ያያሉ። ከአውሮፓ ዘር የመጡት የአሜሪካ ልጆች ግን ያን ያህል አያዩም። ቆየት ብሎ ያንኑ አሻንጉሊት ሥሩ ሲባሉ ማያዎቹ የሚፈልጉት እገዛ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ዝም ብሎ ማየትም መማር ነው ማለት ነው። ግን የትኛው ትምህርት ቤት ነው ለዚህ ማርክ የሚሰጠው?

እሺ፣ አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው የምንኖረው። ልጄ አንደኛ ክፍል እያለች አስተማሪዋ አስጠራችኝ። ደግ ሴት ናት፣ ልታስከፋኝ አልፈለገችም። "ሳናግራት አታየኝም፣ እጇን አታወጣም፣ ቤት ውስጥ የሚያስጨንቃት ነገር አለ?" አለችኝ። እናቴ ያኔ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች፣ አብራኝ ሄዳለች። የተባለውን በአማርኛ ስነግራት አስተማሪዋን አየቻት፣ እኔን አየችኝና "ታዲያ ትልቅ ሰው ሲያናግራት ልታፈጥበት ኖሯል?" አለች። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ሁለቱም ስለ አንድ ልጅ ነው የሚያወሩት፣ አንዷ ተጨንቃለች ትላለች፣ ሌላዋ በጨዋነቷ ኮርታለች፣ ልጅቱ ደግሞ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ የጫማዋን ክር ትፈታለች።

ይሄ እኔ ቤት ብቻ አይደለም የተፈጠረው። እስራኤል ውስጥ ብዙ ሺህ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ልጆች ላይ ደርሷል። በፈረንጆቹ 1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል ተወሰዱ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተወሰደ። ከጎንደር ገጠር የወጣ ልጅ በቀጥታ እዚያ ክፍል ገብቶ ቁጭ አለ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ ቤቱ እንዳስተማረው። የችሎታ ፈተና ሲሰጠው ውጤቱ ዝቅ አለ። ሩቨን ፎየርስታይን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር፣ እሱና ባልደረቦቹ አንድ ጊዜ ፈትኖ መፍረድን አልተቀበሉትም። ቅርፅ አይቶ የጎደለውን መሙላት የሚጠይቅ ፈተና አለ፣ ያንን ሰጧቸው፤ ከዚያ አብረዋቸው ተቀምጠው እንዴት እንደሚታይ፣ እንዴት እንደሚነጻጸር አሳዩዋቸው፤ ከዚያ እንደገና ፈተኗቸው። መጀመሪያ እዚያው እስራኤል ከተወለዱት በጣም ርቀው የነበሩት ልጆች ልዩነቱን በእጅጉ አጠበቡት። ይሄ የሆነው ከአጭር ልምምድ በኋላ ነው! የመጀመሪያውን ውጤት ብቻ ይዞ "ይሄ ልጅ አይችልም" ብሎ የጻፈ ሰው ምን ያህል ልጅ ላይ እንደፈረደ አስቡት።

አሁን "የእኛ ባህል ይሻላል" ልትል ነው እንዳትሉኝ። አልልም። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" እየተባልን ነው ያደግነው፣ ስንት ጥያቄ ጉሮሯችን ላይ ቀርቷል። ቁንጥጫና በርበሬ ማጠንን ደግሞ በባህል ስም የሚከራከርልኝ ሰው ካለ ቡና አላፈላለትም። አንድ ልጅ ሲያመው ወይም አንድ ሰው ሲነካው "ትልቅ ሰው ነው" ብሎ ዝም ካለ፣ ያ ጨዋነት አደጋ ነው። ለልጄ ይሄን በግልፅ ነግሬያታለሁ። ስትበሳጪ፣ ስትፈሪ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቀና ብለሽ ተናገሪ።

አስተማሪዋን ደግሞ አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ ሁሉም ፊት እጅ አውጪ ከማለት ለብቻዋ ጠይቂያት፣ ወይም ለትንሽ ልጅ እንድታስረዳ አድርጊያት አልኳት። ሞከረችው። ልጄ ለካ ለሌላ ልጅ ማስረዳት ትወዳለች፣ አሁን ማን ያስቁማት። እጅ ማውጣቱ ግን እስካሁንም ብዙም የላትም፣ እኔም አልጨነቅም።

የሚቸግረኝ ሌላ ነው። እናቴ በክረምት ተመልሳ ትመጣለች። ልጅቱ አሁን "ለምን?" ማለት ለምዳለች፣ ለአያቷም "ለምን?" ልትል ነው። እናንተ ቤት አያት ለጉብኝት ሲመጡ የማን ሕግ ነው የሚሠራው? የእናንተ ወይስ የእሳቸው? በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ። ግን አደራ፣ አጠር አድርጉት፣ ባለፈው አሥራ አንድ ደቂቃ የላካችሁልኝ ሰው እስካሁን አልጨረስኩዎትም። ደህና እደሩ።