ቮልስን በ17 ሴንቲሜትር፦ የፕላስቲክ ኪት ስለመገጣጠም

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን! ዛሬ ጠረጴዛችን ላይ ቮልስ አለች። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ሞዴል ሠሪ ኪት ናት፣ ተቆራርጣ መጥታ የምትገጣጠም፤ በፈረንጆች የ1966 ሞዴል ቮልስ 1300፣ በ1 ለ24፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ ያነሰች።

ብሩክ፦ እውነተኛዋ 4 ሜትር ከምናምን ናት። ይቺ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ነው የምትሆነው።

ሄለን፦ ለምን እሷን መረጥክ? ፌራሪው፣ ፖርሹ እያለ?

ብሩክ፦ ስለማውቃት ነዋ! አዲስ አበባ ላይ ቮልስ እያየ ያላደገ ማን አለ? ጃንሆይን እንኳ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የወሰዷቸው በቮልስ ነው። ደግሞ ሞዴል ስትሠሪ መመሪያው ወረቀት የማይነግርሽ ብዙ ነገር አለ። ፌራሪ በፎቶ ነው የማየው፣ ቮልስን ግን ወጣ ብዬ ባለቤቱን አስፈቅጄ ከሥር ከላይ ፎቶ አነሳታለሁ።

ሄለን፦ ምን ምን ታያለህ?

ብሩክ፦ ፓራፋንጎውን። ከቦዲው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቀጭን የጎማ ክር አለች አይደል? ብዙ ሰው በቦዲው ቀለም አብሮ ይቀባትና ያልፋል። እሷን ለብቻ በጥቁር ስትቀቢያት መኪናዋ ወዲያው ቮልስ ትሆናለች።

ሄለን፦ እሺ፣ ቀለም ላይ እንምጣ። ሰው የሚፈራው እሱን ነው።

ብሩክ፦ መጀመሪያ ይታጠባል። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ፕላስቲኩ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ካለ ቀለም አይዝም። ከዚያ ፕራይመር፣ ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚቀባው፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ስስ ስስ አድርጎ፣ በየመሃሉ እያደረቁ።

ሄለን፦ ስስ የሚለው ላይ እንቆይ። ለምን እንደሆነ በቁጥር ስናየው ይገባል። የእውነተኛ መኪና በር ክፍተት 4 ሚሊ ነው እንበል። ለ24 ስናካፍለው 0.17 ሚሊ አካባቢ ነው። ቀለም ስታወፍር ያ ክፍተት ይደፈናል፣ በሩ በር መሆኑ ይቀራል።

ብሩክ፦ በትክክል! ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ ክፍተቱ ውስጥ ኢናሜል የሚባለውን ቀለም አቅጥነሽ ጠብ ታደርጊያለሽ። ራሱ በመስመሩ ይሮጣል። የተረፈውን በኢናሜል ማቅጠኛ ነካ በተደረገ ጥጥ ትጠርጊዋለሽ። ሥሩ ያለው ቀለም ላከር የሚባለው ዓይነት ከሆነ ማቅጠኛው አይነካውም። ነጭ ወይም ክሬም መኪና ላይ ግን ጥቁር አትጠቀሚ፤ ግራጫ ይሻላል። ጥቁሩ ካርቱን ያስመስላታል።

ሄለን፦ ኒኬሉስ? ፓራውልቱ፣ የመስኮቱ ዙሪያ?

ብሩክ፦ ፓራውልቱ ክፍሎቹን ከያዘው የፕላስቲክ ፍሬም ሲቆረጥ ጠባሳ ይተዋል፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰሽ በክሮም ቀለም ትነኪዋለሽ። የመስኮቱን ዙሪያ እኔ በስስ የብረት ፎይል ነው የምሠራው። ለጥፎ፣ በአዲስ ምላጭ ዳር ዳሩን መቁረጥ። ጊዜ ይወስዳል፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ሥራም እሱ ነው።

ሄለን፦ እኔ መስታወቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሱፐር ግሉ እንዳታስጠጉ! ትነቱ ብቻ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፣ ጉም የያዘው ይመስላል። የእንጨት ሠሪ ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ሲደርቅ አይታይም።

ብሩክ፦ ሰሌዳ ይቀረናል። ሰማያዊ ኮድ 2 አዘጋጅቻለሁ፣ የድሮውን ዓይነት። በወረቀት ታትሞ ይለጠፋል።

ሄለን፦ ቁጥሩን የእውነት ሰው ቁጥር እንዳታደርገው ብቻ። በል፣ ሳሙናውን አምጣና ቦዲውን እንጠብ።