ቦርከናን ሌሊትም እንለካው

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አረፈዳችሁ ወገኖቼ። ስራ ፈታችሁ ስለመጣችሁ አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን።

ስለ ቦርከና ወንዝ ነው። ከደሴ ተነስቶ በገደሉ ቁልቁል ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ እዚህ ደሞ በፋብሪካዎቹ አጠገብ የሚያልፉት ትናንሽ ወንዞች ይገቡበትና በሀርቡ አርጎ ጨፋ ረግረግ ላይ ተንጣሎ ወደ ከሚሴ ከዛ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። በጋ ላይ ሳር ሲጠፋ ኦሮሞውም አፋሩም ከብቱን ይዞ ጨፋ ነው የሚሰፍረው፣ እኛ የለቀቅነውን የፋብሪካ ፍሳሽ ነው ከብቱ የሚጠጣው ማለት ነው።

እና አንዴ መጥቶ በጠራራ ፀሐይ በጠርሙስ ቀድቶ መሄድ ክትትል አይባልም። ነሐሴ ላይ ጎርፉ ፍሳሹን ያቀጥነዋል፣ ግንቦት ላይ ግን ወንዙ ስለሚሳሳ ያው ፍሳሽ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። አሳው የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅንም እንደዛው ነው። ኮምቦልቻ ከፍታ ላይ ስለሆነች 20 ዲግሪ የሆነ ንጹህ ውሃ ራሱ በሊትር ከ7 ሚሊግራም ትንሽ በለጥ ያለ ነው የሚይዘው፣ ከ5 ከወረደ ደሞ ብዙ አሳ ይቸገራል። አልጌው፣ ውሃው ላይ የሚያድገው አረንጓዴ ነገር፣ ቀን ፀሐይ እያገኘ ኦክስጅን ይሰጣል ሌሊት ግን ይወስዳል እንጂ አይሰጥም፣ ስለዚህ ውሃው በጣም የሚታፈነው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው፣ እኛ የምንለካው ደሞ ሻይ ቡና ብለን በአራት ሰአት!

ክሮሚየም ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቆዳ ማልፊያ ውስጥ የሚገባው ማለቴ ነው። በአይን አይታይም፣ የኦክስጅን ሜትርም አያሳየውም፣ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ተደርጎበት ላብራቶሪ መሄድ አለበት። የአለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው፣ ትንሽ እኮ ነች። ደሞ ጭቃው ውስጥ ስለሚቀመጥ ውሃው ጠራ ተብሎ ጭቃውን መተው አይሆንም።

ልጆች፣ ስትቀዱ ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙራችሁ ቁሙ፣ በእግራችሁ የበጠበጣችሁት ወደ ኋላ ይሂድ። ጠርሙሱን በዛው በወንዙ ውሃ ሶስቴ አለቅልቁት፣ አሲዱ ቀድሞ የገባበትን የክሮሚየም ጠርሙስ ግን እንዳታለቀልቁት አደራ። ከፍሳሹ መግቢያ በላይም በታችም በአንድ ሰአት ውስጥ ይቀዳ፣ የላዩ ከሌለ የታቹን ይዘን ማንንም መጠየቅ አንችልም።

ውጤቱም ቢሮ ውስጥ ፋይል ሆኖ አይቅር። በአማርኛም በኦሮምኛም ተጽፎ መስጊድ በር፣ ቤተክርስቲያን በር፣ ገበያው ላይ ይለጠፍ፣ ቁጥሩ ሲበላሽ ደሞ ሀርቡና ከሚሴ በዛው ቀን ይደወል፣ ከብቱ ሳይጠጣ።

የሌሊቱን ተራ የምትይዙ ልጆች ስብሰባው ሲያልቅ እዚሁ ቆዩልኝ፣ ባትሪና ቦቲ እናከፋፍላለን፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ነው የምትወጡት።