የወገብ ዲስክና የኑሯችን ሸክም
(ለደሴ ከተማ የእድር አባላት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድር አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

«ዲስክ ነው» የተባለ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ያችን አንዲት ቀን ነው፤ ጆንያ ሲያነሣ ወገቡን ቆረጥ ያደረገችውን ቀን። እኔ ዛሬ ልናገር የመጣሁት ግን ከዚያች ቀን በፊት ስላሉት ዓመታት ነው። ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የተቀመጠ ትራስ ሲሆን፣ ዙሪያው ጠንካራ፣ ውስጡ ዝልግልግ ነው። በተለምዶ «ተንሸራተተ» እንበል እንጂ ከቦታው የሚንሸራተት ነገር የለም፤ ዙሪያው ቀስ በቀስ ሳስቶና ተሰንጥቆ ሲያበቃ የውስጡ ይወጣና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል። ጉዳቱ የሚበዛውም በታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ላይ ነው።

በዚህ በወሎ ዳገትና ቁልቁለት፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከምንጭ የምትመለስ ሴት 20 ኪሎ ተሸክማለች። ጎንበስ ብላ መሄዷ፣ ስታወርደውም ወገቧን መጠምዘዟ ጫናውን ይጨምረዋል። ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ሌላ ነገርም አለ፤ ሌሊት ስንተኛ ዲስክ ውሃ ይመጥጣል፤ ማለዳ ላይ ቁመታችን በጥቂቱ የሚጨምረውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ የሞላ ዲስክ ሲጎነበሱ ይበልጥ ይወጠራል፤ የውሃው ሸክም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠብቃት ገና ከመኝታዋ እንደተነሣች ነው። ለዚህች እናት «ከባድ ነገር አታንሺ» ማለት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ምክር አይባልም። ምክሩ የሚገባው ለባለቤቷና ለወንዶች ልጆቿ ነው፤ በትንንሽ ጀሪካን ተከፋፍለው ይመላለሱ፣ አህያ ያለውም በአህያ ያስጭን።

ከሚሌ ተነሥቶ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚደርስ የጭነት መኪና ሾፌር በበኩሉ ምንም ሳይሸከም ይጎዳል። ረጅም ሰዓት መቀመጥና የመኪናው ንዝረት ወገቡን ያደክሙታል፤ እንደቆመ ወርዶ ጭነት ማራገፍ ከጀመረ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ለጥቂት ደቂቃዎች ተራምዶ ወገቡን ቢያፍታታ ይሻለዋል።

ሲጋራን በተመለከተ፣ የዲስክ መካከል የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው ከአካባቢው እየሰረገ ነው፤ ማጨስ ይህንኑ ጥቂቱን ያሳንስበታል። በርጫ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው መጎበጡንና ሲጋራውን አንድ ላይ ያገኛቸዋል። የሰውነት ክብደትም ድርሻ አለው፤ የዘር ድርሻም ቀላል አለመሆኑን በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

ጭንቀትም ሕመሙን ያራዝመዋል። አንድ ቀን ከሥራ ቢቀር እንጀራው የሚቋረጥበት የቀን ሠራተኛ ከነሕመሙ ይሸከማል፤ እየፈራም ስለሚንቀሳቀስ ጡንቻው አይፈታም። እድራችን ለቀብር እንደሚደርሰው ሁሉ፣ ለእንዲህ ያለው አባል የጥቂት ቀን እገዛ ቢያስብ ደስ ይለኛል። ያም ሆኖ አልጋ ላይ ለሳምንታት መዋል አይበጅም። አብዛኛው ሕመምተኛ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻለዋል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ወገብን ማስረገጥ ግን የታመመውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ያቃተው፣ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው፣ ወይም እግሩ እየከዳው የመጣ ሰው ካለ «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ አይደር፤ በዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ይድረስ።